በሐበሻ ሰዓት የተቀዳ የህንድ በዓል

የንስሐ አባቴ ሰምተው የሳቁበትን ነገር እናንተ ሰምታችሁ እንደማትቆጡኝ ተስፋ አለኝ። ነገሩ የጀመረው ከኩሽናችን ሰዓት ነው። እኔና ባለቤቴ ሙሉነሽ ኪልበርን ከገባን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ኩሽናችን ግን እስካሁን ለንደን አልገባም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ጠዋት አንድ ሲል ፈረንጆቹ ሰባት ይላሉ፤ እኛ ለምሳ ስድስት ስንል እነሱ አሥራ ሁለት። እንዲህ አድርጌ የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ እንጂ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሲያንኮራፋ አይደለም ብዬ ስለማምን፣ ስደት ሌላውን ሁሉ ሲያስለቅቀኝ ይቺን አንዲት ነገር ሙጥኝ አልኩ።

"ይሄን ሰዓት ከኩሽናዬ አንሳልኝ" ትላለች ሙሉነሽ፣ በወር አንዴ አይቀርም። "ሥራ ቦታ አንድ ሰዓት፣ ስልኬ ላይ አንድ ሰዓት፣ እቤት ደግሞ ሌላ። ሂሳብ ስሠራ ወጡ አረረ እኮ!"

"አንቺ ለወጡ እሳቱን ቀንሺለት እንጂ ሰዓቱ ምን አደረገሽ?" እላታለሁ።

በሥራዬ ግን እንዲህ አይደለሁም። የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ በፈረንጁ ሰዓት ወጥቼ በፈረንጁ ሰዓት እገባለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ቀድሜ ፌርማታ ከደረስኩ በሬዲዮ ይቆጡኛል። ስለዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። አንደኛው የደንብ ልብሴን ስለብስ ይሠራል፣ ሁለተኛው ሳወልቅ። እስከዚያች ጥር ድረስ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም ነበር።

ከበራችን ፊት ለፊት እማማ ሱሺላ ይኖራሉ። የዴልሂ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ አንቱታው ጉሮሮዬ ውስጥ ቀርቶ እንዳያንቀኝ ብዬ "እማማ" አልኳቸው። እሳቸውም "ቤታ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። ሥጋ አይበሉም። ረቡዕና ዓርብ ሙሉነሽ ምስር ወይም ሽሮ ስትሠራ ለእሳቸውም ታደርሳለች፤ በሌላው ቀን ግን በራችን ሲከፈት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አንድ ቀን ነገሩን ሲያሰላስሉ ቆይተው፦

"ቤታ፣ እናንተ በሳምንት ሁለት ቀን ጥሩ ሂንዱ ናችሁ" አሉኝ። "በቀረው አምስት ቀን ግን ምን ይነካችኋል?"

እኔም ብሆን ለህንድ ባዕድ አይደለሁም። ናዝሬት ተማሪ ቤት ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ የህንድ ሰው ነበሩ። የሠራሁትን ሳሳያቸው ጭንቅላታቸውን ወዲህና ወዲያ ይወዘውዙታል፤ ልክ ነው ይሁን ስህተት ነው ማለታቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። የፈተና ወረቀት ሲመለስ ግን ስህተት ማለታቸው እንደነበር አያለሁ። የህንድ ፊልምም ቢሆን በልጅነቴ ያላየሁት የለም። ቋንቋውን አንሰማም፤ ግን እናትና ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲገናኙ የትኛው ቦታ ላይ ማልቀስ እንዳለብን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ውሸቴ ልንገራችሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ የአገሩን ዜና በዓይኑ አይቶ ለመናደድ ቸኩሎ በየቤቱ ዲሽ ሲተክል፣ እኔም አስተከልኩ። የተከለልኝ ወዳጄ ሙክታር ነው። ሙክታር ስቶክዌል የሚኖር የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ዲሽ ሲያዞር ሰማዩን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል። የእኔ ሥራ መሰላሉን መያዝ ነበር። እማማ ሱሺላ በዚያች ሰዓት በመስኮት ሲያዩ ያዩት ግን እኔን ከመሰላሉ ጋር ነው። በማግስቱ "ቤታ፣ አንተ ለካ ኢንጂነር ነህ!" አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሪሞታቸው ባትሪ ሲጨርስም፣ ቴሌቪዥናቸው ድምፅ ሲያጣም የምጠራው እኔ ሆንኩ፤ ነቅዬ ስሰካው ብዙውን ጊዜ ይሠራል፣ ዝናዬም አደገ።

ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ፊታቸው ሠርግ ቤት መስሏል።

"ቤታ! ፕሪያ ቲቪ ላይ ልትወጣ ነው!"

ፕሪያ ዴልሂ ያለው የወንድ ልጃቸው ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እማማ ሱሺላ ያቀፏት አንዴ ብቻ፣ ጥርስ ሳታበቅል ነው። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ሐኪሙም በረራ ከልክሏቸው፣ ልጅቷን የሚያውቋት በስልክ ድምፅና በግድግዳ ፎቶ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ቤታቸው አያስገቡም፤ ሰው በሱ ገብቶ ኪስ ያወልቃል ብለው ያምናሉ። ስልኩም ቢሆን ጣጣ አለው። የዴልሂን ሰዓት ለማግኘት በለንደኑ ላይ አምስት ሰዓት ተኩል መደመር አለባቸው፤ አምስቱን በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ግማሿ ግን ጣት የላትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይስታሉ። ሲደውሉ ወይ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ ወይ ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቷል።

ህንዶች የሪፐብሊክ ቀናቸውን የሚያከብሩት በፈረንጅ ጃኑዋሪ ሃያ ስድስት ነው። ዴልሂ ሰፊው ጎዳና ላይ ታንኩ ያልፋል፣ ግመሉ ያልፋል፣ በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ ደርዘን ሆነው የተንጠለጠሉ ወታደሮች ያልፋሉ፤ ከዚያ የተማሪ ቤት ልጆች እየጨፈሩ ይመጣሉ። ከስንት ትምህርት ቤት መካከል የፕሪያ ተመርጧል። ልጅቷ ቢጫ ለብሳ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ሁለተኛ ትሆናለች። እማማ ሱሺላ ይሄን ሲነግሩኝ ረድፉን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሠሩልኝ።

ችግሩ ግን ሁለት ዓመት የጠበቁት የጉልበት ኦፕሬሽን በዚያው ቀን ላይ መዋሉ ነው።

"ቀጠሮውን ካንስል ባደርግ እንደገና መቼ ሊጠሩኝ ነው?" አሉ። "ጉልበቴ ካልዳነ ደግሞ ዴልሂ ሄጄ አላያትም። አንተ ሪከርድ ታደርግልኛለህ። የኔ ቻናል ሰልፉን የሚያሳየው በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በሁለት ሰዓት ነው። አንዴ ብቻ ነው ቤታ። አይደግሙትም።"

"እሺ" አልኩ። "እሺ ይበልጣል ከሺ" ያሉት አባቶች ሪከርደር አልነበራቸውም።

እቤት ገብቼ የደንብ ልብሴን አውልቄ፣ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እንዳልረሳው በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ቀኑ ላይ እጅግ ተጠነቀቅኩ። ጃኑዋሪ ሃያ ስድስት በኛ ስንት ነው? ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ካሌንደር ገልጬ፣ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ፣ "ጥር 18" አልኩ። ሰዓቱን ማን ያስባል? ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ማለት ያው ስምንት ሰዓት ነው፤ ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አይቼ "8 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ሙሉነሽ ከጀርባዬ ቆማ "ማኅተምስ አትመታባትም?" አለችኝ፤ በጥንቃቄዬ እየሳቀች።

እማማ ሱሺላ ሆስፒታል የገቡ ዕለት ቁልፋቸውን ሰጡኝ። ከሥራ ስመለስ፣ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ፣ በቀጥታ እሳቸው ቤት ገባሁ። ማስታወሻዬን አወጣሁ። ቀኖቹን በጣቴ እንደገና ቆጥሬ፣ ሪከርደራቸው ላይ ቀኑን ነገ ብዬ ሞላሁ። ሰዓት? ወረቀቱ "8" ይላል። የሾፌሩ ጭንቅላት የነጠላ ጫማውን ጭንቅላት ምን ማለትህ ነው ብሎ አልጠየቀውም። ዜሮ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲቀዳ አዘዝኩት። ትንሽዬ ቀይ መብራት በራች። ማንም እንዳይነካው ብዬ በማሽኑ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ እያለ ማን እንደሚነካው እግዜር ይወቀው።

በማግስቱ ማታ ገብቼ ሳይ "አንድ ቅጂ አለ" ይላል ማሽኑ። ከፍቼ ላየው አሰብኩና፣ መጀመሪያ አያቷ ይዩዋት እንጂ እኔ ማነኝ ብዬ ተውኩት። ይቺ ትሕትናዬ ናት የገደለችኝ።

ሆስፒታል ስጠይቃቸው እማማ ሱሺላ እግራቸው ተጠቅልሎ፣ ትራስ ላይ ተደግፈው፣ ዓይናቸው ብቻ እየሮጠ ጠበቁኝ።

"አየሃት?"

እንግዲህ "ቀድቻታለሁ ግን አላየኋትም" ማለት ስንት ቃል ነው? አምስት አይሞላም። እኔ ግን እነዚያን ዓይኖች ሳይ፦

"አየኋት!" አልኩ።

"ቆንጆ ናት?"

"እንደ እርስዎ ናት እማማ።"

"ስትጨፍር እጇን እንዴት አደረገች?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እጄን እንዴት እንዳነሳሁ አላስታውስም፤ ብቻ አጠገባቸው ያሉት በሽተኛ እንኳ አጨበጨቡልኝ። እማማ ሱሺላ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ልጅቷን ያየኋት መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ወጡ። ዓርብ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በፈረንጁ አንድ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ቤታቸው በሰው ተሞላ። ከቤተ መቅደሳቸው የመጡ ሰባት ሴቶች በየቀለሙ ሳሪ ለብሰው ሶፋውን ሞልተውታል። ትንንሽ ባንዲራ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቷል። እኔ የክብር እንግዳ ነኝ። በሩ ላይ አንዷ ግንባሬ ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉብኝ፣ ሌላዋ የብርቱካን ቀለም ያለው የአበባ ጉንጉን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ሙሉነሽ ዘግየት ብላ ስትመጣ አየችኝና፦

"ምነው፣ ሳልሰማ ተዳርክ እንዴ?" አለችኝ።

እማማ ሱሺላ መራመጃቸውን ይዘው፣ ከወንበራቸው ሆነው ያዛሉ። ጣፋጩ በትሪ ይዞራል፤ ሁሉም የወተትና የቅቤ ነው። ጾም ነው፣ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ እሳቸው ከጎናቸው በጨርቅ የተሸፈነች ሳህን አንስተው ሰጡኝ።

"ይቺ የአንተና የሙሉ ናት። በዘይትና በኮኮናት ነው ያስደረግኳት፤ ወተት የለባት፣ ቅቤ የለባት። ዛሬ ዓርብ ነው አይደል? ሂንዱ የምትሆኑበት ቀን።"

ከኦፕሬሽን የወጡ ሴት፣ በማደንዘዣና በመርፌ መካከል ሆነው የኔን ዓርብ አልረሱም። ሳህኗን ይዤ ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። ለዚህች ሴት ያልቀዳሁ ለማን ልቀዳ ነው ብዬ ሪሞቱን አነሳሁና እንደ አንድ ሚኒስትር ጉሮሮዬን ጠርጌ ተጫንኩት።

አንዲት ወይዘሮ ታየች። ፊት ለፊቷ የአበባ ጎመን አለ። በቢላ ትከትፈዋለች።

"መግቢያው ነው" አልኩ።

ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን ወዲህና ወዲያ ወዘወዙ። የሒሳብ አስተማሪዬ ትዝ አሉኝ። ወይዘሮዋ ሽንኩርት መጥበስ ጀመረች። ሰላምታ የሚሰጥ ወታደር የለም፣ ግመል የለም። እርድ ጨመረች። አምስት ደቂቃ ሆነ። ወደፊት አሳለፍኩት፤ ጎመኑ በሰለ። ጨርሶ አሳለፍኩት፤ አሁን ደግሞ ባዴንጃን መጣ። ሙሉነሽ በአማርኛ ቀስ ብላ፦

"ፕሪያ የትኛዋ ናት? ባዴንጃኗ ናት?" አለችኝ።

ከሴቶቹ አንዷ ብዕር አውጥተው የባዴንጃኑን አሠራር መጻፍ ጀምረዋል። እኔ በዚያች ቅጽበት ማስታወሻዬን ከኪሴ አወጣሁ። "ጥር 18፣ 8 ሰዓት።" የጻፍኩት በነጠላ ጫማ ነው፤ የሞላሁት በደንብ ልብስ። ከሰዓት በኋላ የነበረውን በዓል ትቼ ጠዋት ላይ ጎመን ቀድቼላቸዋለሁ።

"ሰዓቱ" አልኩ፤ "እኛ አገር ሰዓት... ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚቆጠረው..."

እዚያ ቆሜ፣ አበባ በአንገቴ፣ ቀይ ነጥብ በግንባሬ፣ ለሰባት የህንድ ሴቶች የሐበሻን ሰዓት አስረዳሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት የእናንተ ሰባት ነው፣ የእናንተ ሁለት የኛ ስምንት ነው። ብዕር የያዙት ሴትዮ "በጣም ትክክል ነው፣ ቀን በሌሊት መጀመሩ ምን ትርጉም አለው?" አሉ። ሌላዋ "ታዲያ ሥራ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?" ብለው ተቃወሙኝ። ክርክር ተነሳ፤ ሙሉነሽ በአሥራ አምስት ዓመት ያላገኘችው ደጋፊ አግኝታ "ሰዓቱን አንሳ ብዬው ነበር!" እያለች ትናገራለች። ቤቱ ሞቀ።

እማማ ሱሺላ ብቻ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም።

"ግን ቤታ፣ አየኋት ብለኸኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

"አላየኋትም እማማ። ዋሸሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።"

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ በመራመጃቸው ቢፈነክቱኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን "አይዞህ ልጄ" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ፎቶው መለሱ። "ቢጫ ነበር የለበሰችው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ቅቤም የለም። አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የኔን ጾም ያልረሱ ሴት፣ አንዲት ሰዓታቸውን ረሳሁባቸው።

ኮሪደር ወጥቼ ሙክታር ጋ ደወልኩ።

"ያለፈ ስርጭት ይገኛል?" አልኩት።

"ወንድሜ፣ ሰማይ ላይ ያለፈ ነገር አይለቀምም፤ ወላሂ" አለኝ። ከዚያ ታሪኩን ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ አላቆም ሲለው ባቡር ውስጥ ሆኖ እየሳቀ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ፣ በሰባቱ ሴቶች ፊት በእንግሊዝኛ፦

"እንዴት ነህ መሰላል ያዥ? ደግሞ ምን አበላሸህ?" አለኝ።

"መሰላል ያዥ?" አሉ እማማ ሱሺላ።

ያ ሁሉ የኢንጂነርነት ማዕረግ በዚያች ቃል ተገፈፈ። ሙክታር ግን ወደ እሳቸው ሄዶ ከወንበራቸው ሥር በርከክ አለና፦ "እማማ፣ ሰልፉን አላመጣም። ልጅቷን ግን ላመጣልዎት እችላለሁ። የልጅዎን ስልክ ይስጡኝ" አላቸው።

እማማ ሱሺላ ኮምፒውተሩን እንደ እባብ አዩት። ከዚያ ፎቶውን አዩ። ከዚያ ቁጥሩን ሰጡ።

ሙክታር ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ ሲጽፍ፣ ከኛ ቤት የሳበውን የኢንተርኔት ሽቦ ሲሰካ ቆየና የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ የሰውዬ አገጭ፣ ቀጥሎ ሁለት ጉንጉን ያላት ልጅ ታየች። አያትና የልጅ ልጅ ተያዩ። የህንድ ፊልም ላይ እዚህ ቦታ እናለቅሳለን፤ እኔ ከሁሉም ቀድሜ ጀመርኩ፣ ልምድ አለኝ።

"ዳዲ! ዳዲ!" አለች ልጅቷ፤ አያቴ ማለቷ ነው። አጠገቤ ያሉት ባለብዕሯ ሴትዮ ይተረጉሙልኝ ጀመር። እማማ ሱሺላ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው በጣታቸው የልጅቷን ጉንጭ ይነካሉ። እኔ ግን ኃጢአቴ ከበደኝና መሃል ገብቼ በእንግሊዝኛ፦

"ፕሪያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጭፈራሽን ሪከርድ አድርግ ተብዬ ጎመን ሪከርድ አደረግኩ" አልኳት።

ልጅቷ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ግንባሬን፣ አበባዬን። ከዚያ ቡፍ ብላ ሳቀች፤ ከሳቋ መሃል ግን ዓይኗ ሲረጥብ አየሁ።

"አንክል፣ ቢቀዱትም የለሁበትም" አለች። "እኛ ስናልፍ ካሜራው ወደ እንግዶቹ ዞረ። አባዬ ሙሉውን ቀድቶት ነበር፤ ግመሎቹ አሉ፣ ሞተር ሳይክሎቹ አሉ፣ እኔ የለሁም። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ዳዲ ቲቪ ላይ ፈልጋ ስታጣኝ ምን ትላለች ብዬ ለመደወል ፈራሁ።"

ሙሉነሽ በክርኗ ጎሸመችኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በትክክለኛው ሰዓት ቀድቼ ቢሆን ኖሮ፣ እማማ ሱሺላ ያንን ሁሉ ሰልፍ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛ እያሉ ፈልገው ፈልገው ባጧት ነበር።

"ታዲያ አሁን ልጨፍርልሽ?" አለች ልጅቷ።

ቢጫውን ልብስ ለብሳ መጣች። ሳሎናቸው ጠባብ ነው፤ አንድ ዙር ስትዞር ከመስታወቱ ትወጣለች፣ አባቷ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይከተላታል፣ እኛ ደግሞ አንዴ ወለል፣ አንዴ መብራት፣ አንዴ የአባቷን ሆድ እናያለን። አንዴ እግሯን እንዳነሳች ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ሙክታር ሽቦውን ነካ አድርጎ እግሯን አወረደላት። ሰባቱ ሴቶች ያጨበጭባሉ። እማማ ሱሺላ መራመጃቸውን ያዙ፤ "እንዳይነሱ! እማማ እንዳይነሱ!" ስንል ተነሱ። በአዲሱ ጉልበታቸው ቆመው፣ ልጅቷ ስትጨርስ እጃቸውን እንደ እሷ አድርገው አነሱ። ለካ እኔ ሆስፒታል ያሳየኋቸው እንቅስቃሴ ቅንጣት ታህል አይመስልም።

ከዚያ ከሸፈኗት ሳህን አንድ ጣፋጭ አንስተው በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። ህንዶችም ጉርሻ ያውቃሉ ለካ! አፌ ሞልቶ ማመስገን አቃተኝ።

"እዚያ ስንት ሰዓት ነው? ከእንቅልፍሽ ከለከልኩሽ እንዴ?" አሉ እማማ ሱሺላ፣ ጣታቸውን መቁጠር ጀምረው።

"ማታ ስምንት ሰዓት ነው ዳዲ" አለች ልጅቷ።

ባለብዕሯ ሴትዮ ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን በእናንተ አቆጣጠር እዚህ ስንት ነው?"

"ከቀኑ ስምንት ተኩል" አልኩ።

ሁሉም ቆጠረ። እኔም ቆጠርኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ። የሒሳብ አስተማሪዬ ነፍስ ይማር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ መጣልኝ። በሬን ከፍቼ ሮጥኩ። የኩሽናችንን ሰዓት ከነምስማሩ ነቅዬ፣ ሙሉነሽ ከኋላዬ እልል እያለች፣ አምጥቼ ከፕሪያ ፎቶ ጎን ሰቀልኩት። ግማሽ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ መለስኩት፤ ያቺን ጣት የሌላትን ግማሽ። ዴልሂ ሆነ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ ሱሺላ ጣታቸውን አይቆጥሩም። ቀና ብለው ያዩና "አሁን ከትምህርት ቤት ወጣች"፣ "አሁን እራቷን እየበላች ነው" ይላሉ። ሙሉነሽ ለኩሽናዋ አዲስ ሰዓት ገዝታ በፈረንጁ ሞላችው፤ ወጡ አሁንም ያርራል፣ ምክንያት ግን አጥታለታለች።

በመጋቢት ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉበት እሁድ ደረሰ። አውቶቡሱንም፣ ስልኩንም፣ የሙሉነሽንም አስተካክዬ፣ የእማማን ልርሳ እንዴ ብዬ ማታ ሄድኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ እጄን ወደ ግድግዳው ሰዓት ስዘረጋ፣ ቋንጃዬን አንድ ነገር መታ አደረገኝ። መራመጃው ቀርቶላቸው ከዘራ ይዘዋል።

"ተው ቤታ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሱን አትንካ፤ ዴልሂ ሰዓት አይገፋም። ፕሪያ ተኝታለች።"